ያልሞቀው ቻርጀር

ሰኔ 6

የኤሊዋ ቻርጀር ዛሬ ሞተ። ጠዋት ስሰካው እንደ ወትሮው እምም አለ፤ ትንሽ ቆይቶ የተቃጠለ ላስቲክ ሸተተኝ። ስፒናውን ነቅዬ ሳጥኑን እንዳለ ግቢ ውስጥ ወረወርኩት። ጋራዡን ከአባዬና ከእማዬ መኝታ ቤት የሚለየው አንድ ግድግዳ ነው። ተኝተው ቢሆንስ ኖሮ?

ኤሊ ብሎ ስም ያወጣላት ወንድሜ ነው። አባዬ ጎልፍ ሜዳው ውስጥ የመኪናዎቹ ኃላፊ ነበር፤ ተጫዋቾቹ ሲሄዱ እነዚያን ትንንሽ የኤሌክትሪክ መኪናዎች ደርድሮ ቻርጅ ላይ የሚያሳድራቸው እሱ ነው። ሜዳው ተሽጦ ሲዘጋ አንዷን አሮጌ ሸለሙት። ዳሌው ከተሰበረ ወዲህ እግሩ እሷ ናት። በእሷ ነው ጓደኛው ፀጉር አስተካካዩ ጋ የሚሄደው፣ በእሷ ነው ጋዜጣ የሚገዛው።

"አባዬ፣ ምን ዓይነት ቻርጀር ልግዛ?" ብዬ ጠየቅኩት።

"ለምኑ?"

"ለኤሊዋ ነዋ!"

"እሷን ጠይቂያት" አለኝና ሳቀ። ቀልዱ አይለቀውም።

ሰኔ 8

ከምሠራበት መነጽር ቤት አስፈቅጄ ወጥቼ የኤሌክትሪክ ዕቃ መደብር ሄድኩ። ነጋዴዋ ወፍራም፣ ፈጣን፣ አፏ የማያርፍ ሴት ናት።

"ስንት ቮልት ነው?"

"ስድስት ባትሪ አላት።"

"ባለ ስንት? አታውቂም? በይ ሂጂና ባትሪዎቹ ላይ ያሉትን ክዳኖች ቁጠሪ። አንዱ ክዳን ሁለት ቮልት ነው። ሳታውቂ ብትገዢ ወይ አይሞላልሽም ወይ አፍልቶ ይደፋዋል።"

አፍልቶ ይደፋዋል። መንገዱን ሁሉ ይህቺ ቃል ጆሮዬ ውስጥ ስትፈላ ነበር።

ቤት ተመልሼ የኤሊዋን ወንበር አነሳሁ። በእያንዳንዱ ባትሪ ላይ አራት ክዳን። ስምንት ቮልት፣ በስድስት፣ አርባ ስምንት። አባዬን ብጠይቀው እኮ በእንቅልፍ ልቡ ይነግረኝ ነበር። ተኝቶ ስለነበር አልቀሰቀስኩትም።

ሰኔ 9

ገዛሁ። ነጋዴዋ ሦስት ዓይነት ደርድራ አቀረበችልኝ። አንዱ ሊቲየም ለሚባለው ባትሪ ነው፤ የእኛው ውሃ የሚጠጣው ዓይነት ስለሆነ አይስማማውም። አንዱ ኃይለኛ ነው፣ ቶሎ ይሞላል፣ ግን ይግላል። ሦስተኛው ዘገምተኛ ነው፤ ሌሊቱን ሙሉ ቀስ እያለ ያጠባና ሲሞላ በራሱ ያቆማል። ስልኬ ላይ ያነሳሁትን የኤሊዋን መሰኪያ ፎቶ አይታ ጫፉ ይገጥማል አለችኝ። ያንን ግድግዳ አሰብኩና ዘገምተኛውን ወሰድኩ። እየሞላ ሳለ ቀይ፣ ሲጨርስ አረንጓዴ ይበራል።

አባዬ ከጋራዡ በር ቆሞ ሲያየኝ ቆየ። "ይሄ ሳጥን ምንድን ነው?"

"ቻርጀር ነዋ፣ አባዬ።"

"እህ" አለ። አዲስ ሞዴል ነው፤ ማን ይለየዋል።

እማዬ ደግሞ ከኩሽና ብቅ ብላ "አሁን ይሄ ለምን ያስፈልጋል? ቤቱ ቢቀመጥ ምን ጎደለው?" አለች። ደሜ ፈላ። "እግሩን ልትቆርጪው ነው?" አልኳት። ወደ ኩሽናዋ ተመልሳ ገባች። እንደዚያ ማለት አልነበረብኝም።

ሰኔ 10

ጠዋት ቀይ ነው። አረንጓዴ አልሆነም። ሳጥኑን ነካሁት፣ ቀዝቃዛ። ጥሩ ቻርጀር አይግልም ማለት ነው፣ ደስ አለኝ።

ከሰዓት ስልክ ተደወለልኝ። ኤሊዋ ወፍጮ ቤቱ ጋ ቀጥ ብላ ቆማለች። የወፍጮ ቤቱ ሰውዬ በፒካፕ ጎትቶ አመጣልኝ። አባዬ ኤሊዋ ላይ እንደተቀመጠ "አርጅታለች ምስኪን" እያለ መሪዋን ያሻሻል።

ሰኔ 13

ዛሬም ቀይ። ዛሬም ቀዝቃዛ። ዛሬም ወፍጮ ቤት።

ሰኔ 15

ነጋዴዋ ጋ ደወልኩ። "ውሃውን አይተሻል?" አለችኝ። ክዳኖቹን ከፈትኩ። ውስጥ ያሉት ስስ የብረት ሳህኖች ራሳቸውን ከውሃው በላይ አውጥተው ደርቀዋል። ለባትሪ የተጣራውን ውሃ ገዝቼ እስከ አፉ ሞላሁና ሰካሁት። አንድ ሰዓት ሳይቆይ በክዳኖቹ ጠርዝ ፈሳሽ እየተንፈቀፈቀ ወጣ። ጩኸቴን ለቀቅኩት። አሲድ ነው! ሲሚንቶውን አረፋ አስደፈቀው፣ ቀሚሴንም ጫፉ ላይ በሳው። ነጋዴዋ ሳቀችብኝ፤ ለካ ሳህኖቹን ብቻ ሸፍኖ መሰካት፣ ከሞላ በኋላ ደግሞ ቀሪውን መጨመር ነው።

ከአባዬ ጋር ይህን ያህል ዘመን ኖሬ ይህን አለማወቄ! እሱም አጠገቤ ቆሞ ሲያየኝ ነበር። ምነው ዝም አለኝ? ራሴ እንድማር ብሎ ይሆናል።

ሰኔ 19

በባትሪዎቹ ጫፍ ላይ ነጭ ነገር ጋግሯል። በሙቅ ውሃና በመጋገሪያ ሶዳ፣ በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ፈትጌ አጸዳሁት። ጓንት አድርጌ፣ የመነጽር ቤቱን መከላከያ መነጽር አድርጌ። የላሉትን ብሎኖች አጠበቅኩ። ቀጭኑን ማራዘሚያ ገመድም ጣልኩት፤ ነጋዴዋ ቀጭን ገመድ ይግላል፣ እሳት የሚነሳው ከእሱ ነው ስላለችኝ። አሁን ቻርጀሩ በቀጥታ ከግድግዳው ሶኬት ነው የሚሰካው።

ጠዋት ጠዋት ከእኔ ቀድማ እማዬ ትነሳለች። ዛሬም ጋራዡ በር ላይ መጥረጊያ ይዛ አገኘኋት። ሰው ስንቴ ጋራዥ ይጠርጋል! ዓይኗ ቀልቷል። "አልተኛሽም እንዴ?" ብላት "እንቅልፍ ድሮ ቀረ" አለችኝ።

ቻርጀሩ ቀይ። ቀዝቃዛ።

ሰኔ 22

የጋዝ ምድጃው ተከፍቶ ተገኘ። እሳት የለው፣ ዝም ብሎ እየተነፈሰ። ቤቱ ሸትቶ ነበር። መስኮቱን ሁሉ ከፈትን። ያኔ ጋራዡ ውስጥ ቻርጀሩ ቀይ መብራቱን አብርቶ ተቀምጧል፤ አንዲት ብልጭታ ብትወጣስ?

ሻይ ያፈላሁት እኔ ነበርኩ ጠዋት። እኔ ነኝ የረሳሁት። እማዬ "አንቺ አይደለሽም" ስትለኝ "እኔ ነኝ አልኩሽ!" ብዬ ጮህኩባት። ጎረቤት ሳይሰማ አልቀረም።

ሰኔ 25

ወንድሜ ደወለ። "አባዬ እንዴት ነው?" "ደህና ነው፣ የቻርጀር ነገር ነው ያስቸገረን" አልኩት። ስለ ቻርጀሩ ብዙ አወራን። ቮልቱን፣ አምፔሩን፣ ውሃውን። ስልኩን ስዘጋ ስለ ሌላ ነገር እንዳላወራን ትዝ አለኝ።

ሐምሌ 1

ከሥራ ስመለስ በፀጉር አስተካካዩ በኩል አለፍኩ። በሩ ክፍት ነው፤ ለደንበኛው ሲያወራ ሰማሁት። "ጠዋት ላጨሁት፤ ምሳ በልቼ ስመለስ መጥቶ ወንበሩ ላይ ቁጭ ብሏል። 'ጋሼ፣ አሁን እኮ ተላጭተዋል' ስለው 'እስቲ እየው፣ እንደ ጃርት አድርጎኛል' አለኝ። ምን ላድርግ? ባዶ ምላጭ ይዤ ደግሜ ላጨሁት።"

ደንበኛው አልሳቀም።

ሰው ሲያረጅ ንጽሕና ይወዳል። ድሮስ አባዬ ፂሙ ሲያድግ አይወድም።

ሐምሌ 4

በዝናቡ ምክንያት ሌሊት መብራት እየጠፋ ይሆን? ጎረቤቷን ጠየቅኳት፣ አልጠፋም አለች። ታዲያ ምንድን ነው? ቻርጀር አዲስ፣ ውሃ ሙሉ፣ ጫፉ ንጹሕ፣ ሶኬቱም ሲሰካበት ይሠራል። ሥራ ቦታ ዛሬ የአንድ ደንበኛ ሌንስ ገልብጬ ቆረጥኩ። ሐሳቤ ሁሉ እዚያ ሳጥን ላይ ነው። ሌሊት ግድግዳውን በመዳፌ እየነካሁ ሙቀት እፈልጋለሁ።

አባዬ ዛሬ በእህቱ ስም ጠራኝ። ፊታችን ይመሳሰላል ይባላል።

ሐምሌ 8

ኤሌክትሪሺያን አስመጣሁ። ሰፈሩ አምፖል ነው የሚለው፤ አናቱ እንደ አምፖል ስለሚያበራ እንጂ በሥራው አይደለም፣ ራሱም ይቀልድበታል። ጠዋት በማለዳ፣ ሥራ ሳልሄድ ነው የመጣው። ቴስተሩን አውጥቶ ባትሪዎቹን አንድ በአንድ ለካ። ሶኬቱን ፈታ። መጨረሻ ላይ ቻርጀሩን ዳሰሰውና እጁን እላዩ ላይ አቆየው።

"እህቴ፣ ይሄ መቼ ነው የተሰካው?"

"ትናንት ማታ። ሌሊቱን ሙሉ አድሯል።"

"ሌሊቱን ሙሉ የሠራ ቻርጀር እንዲህ አይቀዘቅዝም። ይሄ ሥራ ከጀመረ ሻይ የሚፈላበት ጊዜ እንኳ አልሞላውም።"

"ጥሩ ቻርጀር አይግልም ብዬ..."

"አይግልም፣ ግን ይሞቃል። ባትሪው ደህና ነው። ቻርጀሩ ደህና ነው። ሶኬቱም ደህና ነው። የታመመ ዕቃ ፈልጌ አጣሁ።"

እማዬ በሩ ላይ ቆማ ነበር። እሱም አያት። አባዬ ደግሞ ግቢው ውስጥ ጫማውን ግራና ቀኝ አቀያይሮ አድርጎ ዝናቡን ያያል። አምፖል ዕቃውን ሰብስቦ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

"ጋራዡን ማታ ቆልፊውና ቁልፉን አንቺ ያዢው።"

"ሌባ ነው የሚሉት?"

"ሌባ አላልኩም" አለና ሄደ።

ሐምሌ 9

ሌባ ነው። ወይም አይጥ። ቁልፍ ገዛሁ፤ ማታ ጋራዡን ቆልፌ መክፈቻውን እኔ ይዣለሁ።

ሐምሌ 10

አረንጓዴ!

በሩን ስከፍት መጀመሪያ ያየሁት እሱን ነው። አረንጓዴ፣ ሳጥኑም እንደ ሰው እጅ ለብ ያለ። ብቻዬን አጨበጨብኩ። ይሄው፣ አሸነፍኩ። እማዬን ጠርቼ አሳየኋት። "አየሽ?" አልኳት። "አየሁ" አለች። ቁርስ አልበላችም። የፈራች ትመስላለች፤ ምን ያስፈራታል? የሚያስፈራውማ አለፈ።

"ዛሬ አይውጣ፣ አደራሽን" አለችኝ ስወጣ። "የጋራዡን ቁልፍ ለእኔ ስጪኝ።"

"እማዬ፣ እባክሽ። አንድ ቀን እንኳ እንደ ሰው ሄዶ እንደ ሰው ይመለስ።"

ጋራዡን ክፍት ትቼ ቁልፉን በሩ ላይ ሰቅዬው ሄድኩ።

ሐምሌ 10፣ ማታ

ሁሉንም እጽፋለሁ።

ከረፋዱ ላይ እማዬ ደወለች። ማውራት አቅቷት ትተነፍሳለች። "ወፍጮ ቤቱ ጋ የለም" አለች። እዚያ እንደሚቆም እርግጠኛ ሆና በእግሯ ሄዳ ነበር። አልቆመማ። ሞልቼዋለሁ።

ፀጉር አስተካካዩ ጋ ሮጥኩ። "በዚህ አለፈ፣ ስጠራው 'ሥራ ረፍዶብኛል' ብሎኝ ነዳ" አለኝ። ወዴት? ወደ ትልቁ መንገድ። ከባድ መኪኖች ወደሚጋልቡበት፣ ኤሊዋ ወጥታበት ወደማታውቀው መንገድ። ታክሲ ያዝኩ። መንገድ ዳር ጎማ የሚጠግን ሰው አስቆምኩ። "አዎ፣ ነጭ ሚጢጢ መኪና አየሁ። የጭነት መኪኖቹ ሲጮሁባት ሽማግሌው እጁን እያነሳ ሰላም ይላቸዋል" አለኝ። ከዚያ በኋላ በየመንገዱ ዳር የወደቀ ነጭ ነገር ሁሉ እሱ ይመስለኝ ጀመር። ከረጢት አየሁና ጮህኩ። የታክሲው ሾፌር "አይዞሽ እህቴ" ከማለት በቀር ሌላ ቃል አልነበረውም።

ወዴት እንደሄደ የገባኝ ከዚያ ነው። ሥራ ነው የሄደው።

ጎልፍ ሜዳው አሁን ሜዳ አይደለም። አፓርታማ እየተሠራበት ነው፤ ሳሩ የነበረበት ሁሉ ተቆፍሯል። ጥበቃው በሩ ላይ ተቀበለኝ። "የሽማግሌው ሰው ነሽ? እባክሽ እንዳትጮሂ" አለኝ። ሠራተኞቹ ራቅ ብለው ክብ ሠርተው ቆመዋል። በመካከላቸው አንድ ሕንፃ የሚውጥ የመሠረት ጉድጓድ አለ። ኤሊዋ ከጉድጓዱ አፍ ላይ ናት። የፊት ጎማዎቿ ዝናብ ያለሰለሰው አፈር ጫፍ ላይ ቆመዋል። አባዬ መሪውን በሁለት እጁ ይዟል።

"ሰው ሲጠጋው ይነዳል" አለኝ ጥበቃው። "ሁለቴ ወደ ፊት አስፈነጠራት። ሳሬን ማን ቆፈረው እያለ ነው።"

"አባዬ" አልኩ።

ዞር ብሎ አየኝ። በሕይወቴ እንዲያ አይቶኝ አያውቅም። እንደ በር፣ እንደ ግንድ ነው ያየኝ።

"ማነሽ?"

"ልጅህ ነኝ፣ አባዬ። ና ውረድ።"

"ልጆቼ ትምህርት ቤት ናቸው" አለ፤ ድምፁ ተቆጣ። "ገና ሕፃናት ናቸው። አታሹፊ!" እግሩ ተንቀሳቀሰ። መኪናዋ ቀጭ አለች፤ ከፊት ጎማው ሥር አፈር ተንዶ ሲወርድ፣ ከታች ደግሞ ጉድጓዱ ባቆረው ውሃ ውስጥ ሲገባ ሰማሁት። ከኋላዬ አንድ ሰው "በስመአብ" አለ።

ከዚያ በኋላ ያልኩትን ማን እንዳቀበለኝ አላውቅም።

"ጋሼ" አልኩት። በሕይወቴ አባቴን "እርስዎ" ብዬው አላውቅም። "ጋሼ፣ አዲሷ ተቀጣሪ ነኝ። ተጫዋቾቹ ሄደዋል። ሌሎቹ መኪናዎች ሁሉ ቻርጅ ላይ ገብተዋል፤ የቀረችው ይህቺ የእርስዎ ብቻ ናት።"

ቀና ብሎ ሰማዩን አየ። ቀትር ነበር፤ ግን ደመናው ረዳኝ።

"መሽቷል እንዴ?"

"መሽቷል ጋሼ። ወደ ኋላ ያውጡልኝና ልሰካት።"

"ቀድመሽ አትነግሪኝም ታዲያ!" አለና የኋላ ማርሽ አስገባ። ኤሊዋ ጢጥ ጢጥ ማለት ጀመረች። የኋላ ጎማዎቿ ጭቃው ላይ ተሽከረከሩ፣ ተሽከረከሩ፣ ጭቃውን ፊቴ ላይ ረጩት፤ የፊተኛው ጫፏ ወደ ታች ዘመም አለ። ዓይኔን ጨፈንኩ። ጢጥታው ሲርቅ ሰማሁ። ስከፍት ደረቁ መሬት ላይ ቆማለች። ባትሪዋ ሙሉ ባይሆን ኖሮ ከዚያ ጭቃ አትወጣም ነበር። ባትሪዋ ሙሉ ባይሆን ኖሮ እዚያም አትደርስም ነበር። ይህንን የት እንደማስቀምጠው አላውቅም።

ፍሬኑን ያዘ፣ ቁልፉን ነቀለ፣ መዳፌ ላይ አኖረው።

"ውሃ ቀድመሽ እስከ አፉ እንዳትሞዪ። ከሞላ በኋላ ነው።"

"እሺ ጋሼ።"

"ጎበዝ ልጅ ነሽ። የማን ልጅ ነሽ?"

የገዛ ስሙን ነገርኩት።

ትንሽ አሰበ። "አውቀዋለሁ" አለኝ። "ደህና ሰው ነው። ሰላም በዪልኝ።"

ሐምሌ 11

ሥራ አልሄድኩም። አባዬ ቀኑን ሙሉ ተኛ። እማዬ ድንች እየላጠች ነገረችኝ፤ ዓይኗን ከቢላው ሳታነሳ።

"ማታ እናንተ ስትተኙ ስፒናውን እነቅላለሁ። ሊነጋ ሲል ተነስቼ እሰካዋለሁ። እስከ ወፍጮ ቤቱ የምታደርሰውን ያህል። እዚያ ሰው ያውቀዋል።"

"የመኪናዋን ቁልፍ ለምን አልደበቅሽም?"

"ደብቄ ነበር። ማን ወሰደብኝ እያለ ቤቱን ገለበጠው፣ አለቀሰ። መኪናዋ ራሷ እምቢ ስትለው ግን ይቀበላል። አርጅታለች ይላል፣ ያዝንላታል።"

"እኔን ለምን አልነገርሽኝም?"

ቢላውን አስቀመጠች። "ነገርኩሽ እኮ ልጄ። አባትሽ ልክ አይደለም ስልሽ 'ደክሞት ነው' አልሽኝ። ጋዙን የከፈተው እሱ ነው ልል ስል ጮህሽብኝ። ከዚያ ወዲያ ለማን ልንገር?"

ድንቹን ተቀብዬ እኔ መላጥ ጀመርኩ። ሁለታችንም የምንበላውን ሳይሆን የሰፈሩን ሁሉ ድንች ላጥን።

ሐምሌ 17

ሐኪሙ ለበሽታው ስም ሰጠው። ወንድሜ መጥቶ አብሮን ገብቷል። ስሙን እዚህ ልጽፈው ሁለቴ እስክሪብቶ አነሳሁ። ሐኪሙ አይመለስም፣ አይቆምም፣ ይዘገያል እንጂ አለ። አባዬ ሲወጣ ሐኪሙን በአክብሮት ጨብጦ "ቤተሰብህን ሰላም በል" አለው።

ጋዙን በማታ ከዋናው ቧንቧ እዘጋለሁ። የግቢውን በር ከውስጥ እቆልፋለሁ። ቆልፌ ተመልሼ ደግሞ እሄድና አያለሁ። ከእንግዲህ የምፈራው እሳት ብቻ ቢሆን እንዴት በታደልኩ።

ሐምሌ 29

ዛሬ ዝናቡ ቆም አለ። አባዬ ከጠዋት ጀምሮ በሩ ላይ ቆሞ "ልሂድ፣ ልሂድ" ሲል ዋለ። ወንድሜ "መኪናዋን እንሽጣት" ብሎ ነበር፤ እኔና እማዬ ግን አልሸጥናትም።

ከሰዓት ቁልፉን ያዝኩና መሪው ጋ ተቀመጥኩ። አባዬን አጠገቤ፣ እማዬን ከኋላ። ይቆጣል ብዬ ፈርቼ ነበር። አልተቆጣም። "ቀስ በዪ፣ ቁልቁለት ላይ አትልቀቂያት" አለኝ እንደ አስተማሪ። በወፍጮ ቤቱ አለፍን፣ ፀጉር አስተካካዩ እጁን አውለበለበልን፣ ባህር ዛፎቹ ወዳሉበት ጠባብ መንገድ ገባን። ሰውም መኪናም የለበትም። ነፋሱ ሲነካው አባዬን እንቅልፍ ወሰደው። ጭንቅላቱ ትከሻዬ ላይ አረፈ፤ ከባድ ነው።

የባትሪው መለኪያ ወደ ግማሽ ወረደ። "እንመለስ?" አልኳት እማዬን በሹክሹክታ።

"ከተመለስን ይነቃል።"

ሲነቃ ማን እንደምሆንበት አላውቅም። እህቱ፣ አዲሷ ተቀጣሪ፣ እኔ። መንገዱ እስካለ ድረስ ቀስ ብዬ ነዳሁ። መለኪያው ከግማሽ በታች ሆነ፤ እማዬም አየችው፤ ጎንበስ አለችና የጫማዋን ማሰሪያ አጠበቀች።

"ንጂ" አለችኝ። "ከቆመች እንገፋታለን።"